ለአባባ ገብረየስ የተተከለው ዛፍ

«ማን ሞተ?» አሉ አባባ ገብረየስ።

የግቢውን በር የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። በአንድ እጃቸው ውሃ የሚያንጠባጥብ ጎማ ይዘዋል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል፣ እግሮቻቸው ጥቁር ቦት ጫማ ውስጥ ናቸው። ዮሃና ሌላውን ሁሉ ትታ መጀመሪያ ያየችው ቦት ጫማውን ነው። ሁለቱንም እግር። ከዚያ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። ከሞቱ አስራ ሁለት ቀን የሆናቸው ሰው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ፀሐይዋን ለመከላከል ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ መልስ ይጠብቃሉ።

እናቷ ወይዘሮ እንቁ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራዋለች። ይባስ ብሎ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከበሩ ጀምሮ ነው ድምፁን የሚያሰማው፣ እሷም በሩ ሲጢጥ ሲል «ወይኔ አባባ» ብላ ግማሽ መንገድ ሄዳ ነበር። ሟቹ ብቅ ሲሉባት ቀሪውን ወደ ሳል ለወጠችው። ረጅም፣ ማንም የማያምነው ሳል ነበር። ዮሃና ያቀፈችው እሽግ ውሃ ድንገት የድንጋይ ያህል ከበዳት።

«አይ፣ እዚህ ሰፈር ለቅሶ ነበረብን» አለች እናቷ ሳሉ ሲያልቅላት። «በዚሁ ስናልፍ ሰላም እንበልዎት ብለን ነው።»

ዮሃና በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ነገር ግን ሆዷ ውስጥ ያለው ሀፍረት ብቻ አልነበረም። የተበላሸ ወተት ሳያውቁ ተጎንጭተው፣ ምን እንደጠጡ የሚገባቸው ከዋጡት በኋላ ሲሆን የሚሰማ ዓይነት ስሜት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ቬርዳን ውስጥ ነው። ቬርዳን ኦንላይን የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ደን፣ ረግረግ፣ የፈራረሰ ምሽግ፣ ዘንዶ፣ የማይገኝበት ነገር የለም። ሰው መጀመሪያ ሲገባ ምን መሆን እንደሚፈልግ ይመርጣል። አብዛኛው ልጅ ሰይፈኛ ይሆናል፣ ሰይፍ ስለሚያምር። ዮሃና የመረጠችው ድሩይድ መሆንን ነው። ድሩይድ ደን ጠባቂ ናት፤ ቅጠል ቀምማ ቁስል ታድናለች፣ ዛፍ ትተክላለች፣ ሲያስፈልጋት ደግሞ ጉጉት ወይም ድብ ትሆናለች። እናቷ አንድ ቀን በትከሻዋ በኩል አጮልቃ እያየች ይህቺ ሴትዮ ማን ናት ብላ ስትጠይቃት ይህንኑ አስረዳቻት። እናቷም ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ድብ የምትሆን ከሆነማ ጠንቋይ ናት ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ዮሃና ድሩይዷን «ጤናዳም» ብላታለች።

ወደ ጨዋታው ያስገባት አብኔዘር ነው፤ የክፍል ጓደኛዋ፣ የእኚሁ የአባባ ገብረየስ የልጅ ልጅ። ቡድኑን የመሠረተው እሱ ነው፣ አለቃውም እሱ ነው። በጠቅላላው አስራ አንድ ናቸው፣ ከገርጂ፣ ከአያት፣ ከሰሚት። የሌላ አገር ቡድኖች ምን ምን እንዳላቸው እንጃ፣ የእነሱ ግን እድር አለው። እድሩ የተቋቋመው ደግሞ በዮሃና ምክንያት ነው። የዛሬ ዓመት ተኩል አባቷ ሲሞት ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ ጨዋታው አልገባችም። በአራተኛው ሳምንት ስትመለስ፣ አብኔዘር ሁሉንም ጠርቶ፣ ደኑ መሃል እሳት አንድደው፣ ዙሪያውን ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። በዚያ ቀን ማንም ማንንም አልተዋጋም። እያንዳንዱ ካለው ላይ አንድ ነገር አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። ሀይደር የሚባለው የገርጂ ልጅ ገና ጀማሪ ስለነበር ሌላ ንብረት አልነበረውም፣ ሦስት ዓሣ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ። ቤቱ ኀዘን ለገባበት እሳት ይነድለታል፣ ሁሉም የሚሳሳለትን አንድ ነገር ይሰጠዋል። የማይሳሱለትን መስጠት ነውር ነው።

እንግዲህ የዛሬ አስራ ሁለት ቀን፣ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የጀመረ ሰኞ፣ የድልድዩን ምሽግ ለመያዝ ከሌላ ቡድን ጋር ሊዋጉ ነበር። አንድ ወር ተዘጋጅተውበታል። አብኔዘር ጋሻ ያዥ ነው፣ ከፊት ቆሞ ዱላውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ፣ ከኋላው ቆማ የምታድነው፣ ማለትም ሂለሯ፣ ጤናዳም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አብኔዘር የለም። ደወሉለት፣ አያነሳም። ያለ እሱ ገቡና በአስር ደቂቃ ውስጥ ድምጥማጣቸው ጠፋ። ፀጋ የምትባለው የአያት ልጅ ከሁሉ በላይ ተናደደች። እንዲህ ያለ አለቃ ይውረድ ብላ ቻቱ ላይ ጻፈች፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ተስማሙ። አመሻሹ ላይ አብኔዘር ብቅ አለ።

«ይቅርታ ጋይስ። አባባ አረፈ። ጠዋት ለመውጣት እየለበሰ ነበር። አንዱን ጫማ አስሮ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ላይ አገኘነው።»

ከዚያ በኋላ የተናደደ ሰው አልነበረም። ፀጋ ብቻዋን ስድስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች። ዮሃና ጫማው ላይ ስትደርስ ስልኳን አስቀመጠችው። የእሷም አባት እንዲሁ ነው የሞተው። ለሥራ ሊወጣ ሲል፣ አንዱን ጫማ አስሮ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ። ይህንን በሕይወቷ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለአብኔዘር፣ ከትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው። ሞት ሰው ጫማውን ሲያስር ጠብቆ መምጣት ይወዳል ማለት ነው ብላ አሰበች። ለሁለቱም ሰዎች አንድ ላይ አለቀሰች።

በማግስቱ እሳቱ ነደደ። ሀይደር ቀስቱን፣ ፀጋ ካባዋን ሰጠች። ዮሃና የሰጠችው የብር ማጭዷን ነው። ድሩይድ ከዛፍ ላይ የመድኃኒት ቅጠል የምታጭደው በእሱ ነው፣ ያለ እሱ ጠንከር ያለው መድኃኒት አይቀመምም። ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶባታል። በዚያም አላበቃችም። እያንዳንዱ ድሩይድ በዓመት የሚደርሰው የልብ ዛፍ ዘር አንድ ብቻ ነው፤ የዓመቱን ዘሯን ሐይቁ ዳር ቀበረችና ሲበቅል ግንዱ ላይ «ለአባባ ገብረየስ» ብላ ጻፈችበት። የልብ ዛፍ በየቀኑ ካልጠጣ ይደርቃል። በየቀኑ አጠጣችው።

በአራተኛው ቀን አብኔዘር ክንፍ ባለው ነጭ ፈረስ በሐይቁ ላይ ሲያልፍ አየችው። እንዲህ ያለ ፈረስ የሚገኘው ብዙ ውድ ዕቃ ሰጥቶ በመለወጥ ነው። ማጭዷ፣ ቀስቱና ካባው የት እንደገቡ ገባት። ትንሽ ቅር አላት፣ ወዲያው ደግሞ ራሷን ተቆጣች። ሰው ኀዘኑን በፈለገው ነገር ይርሳ፣ እኔ ምን አገባኝ አለች።

አብኔዘር ለቅሶ እንዳይመጡ ለሁሉም ነግሯቸው ነበር። ቀብሩ ደብረ ብርሃን ነው፣ ዘመዱ ሁሉ እዚያ ነው፣ ሲኤምሲ ያለው ቤት ዝግ ነው ብሏል። አስሩም ልጆች እሺ ብለዋል። ያላሰበው ወይዘሮ እንቁን ነው። ዮሃና ትናንት እራት ላይ ወሬውን ጣል ስታደርገው እናቷ የጎረሰችውን እንኳን በወጉ አልዋጠችም። አባባ ገብረየስ የባሏ ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሰው ናቸው። በአብኔዘር በኩል ካልሆነ አያውቋቸውም፣ ግን መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሰው እስኪወጣ ቆዩ። እናቷ ይህን ሁሉ ቀን ምን አፍ ይዘሽ ዝም አልሽ ብላ ተቆጣቻት። ደብረ ብርሃንም ቢሆኑ በራቸውን አንኳኩታ ትመለሳለች እንጂ ቤቷ አትቀመጥም። ለቅሶ ደግሞ ተደውሎ፣ ተፈቅዶ አይኬድም። ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ከሳሊተ ምሕረት በታክሲ ተነስተው መጡ።

አባባ ገብረየስ ጎማውን ሣሩ ላይ ጣሉት። የሞተው ማን እንደሆነ፣ እሳቸው የሚያውቁት ሰው እንደሆነ ጠየቁ። እናቷ ኧረ አያውቋቸውም አለች። በየት በኩል ነው ብለው ደግሞ ጠየቁ። እናቷ ውሸት የለመደችው ነገር ስላልሆነ እዚህ ላይ ተሳሳተች፣ ጣቷን ከቤቱ ጀርባ ወዳለው መንገድ ቀሰረች።

«ከጀርባዬ ለቅሶ ተቀምጦ እኔ አበባ ሳጠጣ ልዋል?» አሉ አባባ ገብረየስ። በራሳቸው ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «ልብሴን ለውጬ ልምጣ። አብረን እንሄዳለን።»

እናቷ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ነገም ቀን መሆን ብዙ ተናገረች። አልሰሟትም። ቦት ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ሲገቡ፣ አብኔዘር እንግዳ አለ ወንበር አውጣ ብለው ተጣሩ። እናትና ልጅ በሩ አጠገብ ቀሩ።

«አሁን እኚህን ሰውዬ ወዴት ነው የምወስዳቸው?» አለች እናቷ በሹክሹክታ። የሰውዬውን ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ሰውዬው ራሳቸው ለቅሶ ለመድረስ ሊለብሱ ገብተዋል።

አብኔዘር ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ደራርቦ ወጣ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው። ጥቁሩን ቀሚስ አየ፣ ነጠላውን አየ፣ እሽጉን ውሃ አየ። ዮሃና አሁን ያፍራል ብላ ጠበቀች። አብኔዘር ግን ቶሎ ብሎ የዞረው ወደ ቤት ነው፣ አያቱ የሚሰሙበት ርቀት ላይ እንዳሉ ለማረጋገጥ። ያን ጊዜ እናቷም ሁሉም ነገር ገባት። ልጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ አንዱን ወንበር ከእጁ ወስዳ፣ አበባው ጥግ ወስዳ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ተቀመጠች።

«ጀለሴ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ አብኔዘር ዝቅ ባለ ድምፅ። «አትምጡ አላልኩም?»

«ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው።»

አብኔዘር ሳቀ። አጭር፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ ነበር። ዮሃና ይህንን ሳቅ ስንት ጊዜ አብራው ስቃለች፤ ዛሬ ቆዳዋ ላይ አንድ ነገር የሄደባት ያህል ቀፈፋት።

«በናትሽ ዮሂ፣ አታካብጂ። ጌም ነው። እንቅልፍ ጥሎኝ ቀረሁ። ስነቃ ፀጋ ልታወርደኝ ነው፤ ምን ልበላቸው፣ ተኝቼ ነበር ልበል? አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ እሳት ያነደዳችሁት እናንተው ናችሁ። እኔ ስጡኝ አላልኩም።»

«ጫማውስ?»

«የቱ ጫማ?»

«አንዱን አስሮ፣ ሌላውን በእጁ የያዘው።»

አብኔዘር ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አዟዟረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ የተጨነቀ መሰለ።

«እሱማ እንዲያምኑኝ ነው» አለ። «ዝም ብሎ ሞተ ቢባል ማን ያምናል? እውነት የሚመስል ነገር ያስፈልግ ነበር። ያንቺ ደግሞ…» ቃል ፈለገ። «ያንቺ አሪፍ ነበር።»

ዮሃና ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ክንዷ ስለዛለ ሳይሆን ልትጥለው ስለሆነ። ያንን ነገር ስትነግረው ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች፣ ምን ያህል ጊዜ እንደገና እንደጀመረች ታስታውሳለች። እሱም ዝም ብሎ ሰምቷት ነበር። ያኔ ዝምታው ማዘን መስሏት ነበር። ለካ ሰው ያዘነ በሚመስልበት ሰዓት የሰማውን ለኋላ እያስቀመጠም ሊሆን ይችላል። አባቷን፣ የአባቷን ጫማ፣ የዚያን ጠዋት አልጋ፣ ሁሉንም ወስዶ በክንፋም ፈረስ ለውጦታል። አስጠላት። ፊቱ፣ የማዳመጫው ገመድ፣ «ዮሂ» የሚላት አጠራሩ ሳይቀር አስጠላት። ለአስራ አንድ ቀን ያንን ዛፍ ያጠጣች የገዛ እጇም አስጠላት።

«አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው» አለ አብኔዘር ጠጋ ብሎ። «ሂለር አይደለሽ? አድኚኝ እንጂ።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት አባባ ገብረየስ ወጡ። ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ነጭ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ጫማቸውን ግን ገና አላሰሩም ነበር። የቀረውን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፣ እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው የቀኝ እግራቸውን ማሰር ጀመሩ። ጣቶቻቸው ስለሚንቀጠቀጡ ክሩ እያመለጣቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት። የቀኙ ታሰረ። ቀና ብለው አየር ሳቡና ትንሽ አረፉ። ዮሃና ዓይኗን ካልታሰረው ጫማ አላነሳችም። ከዚያ ወደ ግራው ጎንበስ አሉ፣ ቋጠሩት፣ ጠበቅ አድርገው ሳቡት፣ ተነሱ።

«በሉ፣ እንሂድ። በየት በኩል ነው ያላችሁኝ?»

እናቷ ከአበባው ጥግ ተነሳች። አብኔዘር ዮሃናን እያየ ነው። አንዲት ቃል ነው የሚጠብቀው፣ ጦርነት ላይ ደሙ ሲያልቅ ወደ ኋላ ዞሮ እንደሚጠብቃት። ሁልጊዜም ደርሳለት ታውቃለች።

«አብኔዘር ያውቀዋል፣ አባባ» አለች ዮሃና። «የማን ለቅሶ እንደሆነ እሱ ይነግርዎታል።»

እሽጉን ውሃ አነሳች፣ የእናቷን ክንድ ያዘችና ወጡ። በሩን የዘጋችው ራሷ ናት።

ታክሲ ውስጥ ውሃው ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ሄደ። እናቷ በመስኮቱ እያየች፣ ሰውዬው በሕይወት መኖራቸው ተመስገን ነው የሚባለው አለች። ዮሃናም ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ተመስገን ለማለት ግን አፏ እምቢ አላት፣ አሁንም ያ የተበላሸ ወተት ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር አጽናናት። አብኔዘር አሁን አያቱ ፊት ቆሞ እውነቱን እየተናገረ ነው። ይከብደዋል፣ ግን ይናገራል። ሌላ ምን ምርጫ አለው?

አስር ሰዓት ገደማ የእናቷ ስልክ ጮኸ። አባባ ገብረየስ ነበሩ። ስልክ ላይ ሲያወሩ ደብረ ብርሃን ድረስ ለማሰማት የሚጮሁ ዓይነት ሰው ስለሆኑ፣ ዮሃና ከማዶ ሶፋ ላይ ሆና እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«እንቁ፣ ልጄ፣ አይዞሽ» ይላሉ። «አብኔዘር ሁሉንም ነገረኝ። ባልሽ ካረፈ ወዲህ አንዳንዴ እንዲህ እንደሚያደርግሽ፣ ለቅሶ የሌለበት ቤት ሁሉ እየሄድሽ እንደምታለቅሺ ነገረኝ። ምንም አያሳፍርም፣ ልጄ። ኀዘን ሰው ያዞራል። ጸበል ከፈለግሽ እኔ ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

እናቷ ስልኩን እንደያዘች ወደ ዮሃና ዞረች። ዮሃና የሰማች መሆኗን ከፊቷ አወቀች። ልትናገር ነው፣ ልትናገር ነው እያለች ዮሃና ስትጠብቅ እናቷ ሌላ ነገር አለች።

«እሺ አባባ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጥቁሩን ቀሚስ ማጣጠፍ ቀጠለች። ዮሃና ለምን አልነገርሻቸውም ብላ ጮኸችባት። እናቷ የቀሚሱን እጅጌ ደጋግማ እያስተካከለች፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው የልጅ ልጅህ ገደለህ ተብሎ በስልክ አይነገረውም አለች። «እሳቸው ደህና ይሁኑልኝ እንጂ፣ እኔ እብድ ልባል።» ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባች። ውሃው ተከፈተ። የሚታጠብ ዕቃ እንደሌለ ዮሃና ታውቃለች፣ ምሳ አልበሉም። ውሃው ግን ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

ዮሃና ስልኳን አውጥታ ቬርዳን ውስጥ ገባች። ሌላ የምትገባበት ስላጣች ነው። ጤናዳም ሐይቁ ዳር፣ ትናንት የተወቻት ቦታ ላይ ቆማለች። ዛፉ አድጓል። ቅርንጫፎቹ ውሃው ላይ ወርደዋል፣ ሥሩ አጠገብ አንዱ የቡድኑ ልጅ አበባ ትቶ ሄዷል። ለአርባው እዚህ ሊሰበሰቡ ቀን ቆርጠው ነበር፣ ፀጋ ማን ምን እንደሚያመጣ ሁሉ ከፋፍላለች።

ብዙም ሳትቆይ ነጩ ፈረስ ከሰማይ ወረደ። አብኔዘር ለእሷ ብቻ የሚታይ መልእክት ላከ።

«ሶልቭድ። ቤት ተሳስታችሁ ነው አልኩት፣ አመነ። ማጭድሽን እመልስልሻለሁ፣ ፕሮሚስ። ፈረሱን ለውጬም ቢሆን። ለልጆቹ ግን ምንም አትበይ።»

ቤት ተሳስታችሁ። ከሁለት ውሸት ትንሿን መርጦ ነው የነገራት፣ ትልቋን ስለ እናቷ ለአያቱ ሰጥቶ። ዮሃና መልእክቱን አንድ ጊዜ አነበበችው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በዚህ ዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ እሱን ነበር የምታምነው፣ አሁን ግን ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲበራ ስልኩን በጣቶቿ ጫፍ ነው የያዘችው።

ዛፉን ነካችው። ውሃ ማጠጣት፣ መግረዝ፣ ጽሑፉን መፋቅ የሚሉ ምርጫዎች ወጡ። ፋቀችው። «ለአባባ ገብረየስ» የሚለው ፊደል በፊደል ጠፍቶ ግንዱ ባዶ ሆነ። በምትኩ ምን እንደምትጽፍ ጨዋታው ጠየቃት። የአባቷ ስም ጣቷ ጫፍ ላይ መጣ። እሱ ሲሞት ዘር አልነበራትም፣ የልብ ዛፍ የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም ነበር። አንድ ፊደል ጻፈች። ከዚያ አጠፋችው። አባቷን እዚህ፣ በዚህ ውሸት የበቀለ ዛፍ ላይ አታስቀምጠውም። ዛፉን ግን አልቆረጠችውም፣ ዛፉ ምን አደረገ? አጠጣችውና ባዶውን ተወችው።

ድሩይድ የልብ ዛፍ ላይ ያለውን ስም ስትፍቅ ጨዋታው ለቡድኑ በሙሉ ያሳውቃል። መልእክቶቹ ወዲያው መዝነብ ጀመሩ። ሀይደር ምነው ጤናዳም፣ ችግር አለ ብሎ ጠየቀ። ፀጋ የጥያቄ ምልክት ብቻ ደርድራ ላከች። አብኔዘር ከፈረሱ ወርዶ ፊቷ ቆሞ፣ በናትሽ፣ በናትሽ እያለ ይጽፋል። ለእነሱም ትነግራቸዋለች፣ ቀስታቸውንና ካባቸውን የሰጡ ናቸው። ግን ተራ አለው፣ የመጀመሪያው ተራ የእነሱ አይደለም።

ስልኳን ሶፋው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችና የእናቷን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ማድ ቤት ውስጥ ውሃው አሁንም ይፈሳል። መጨረሻ የደወለውን ቁጥር ነካችው። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ።

«አቤት፣ እንቁ ልጄ» አሉ አባባ ገብረየስ በዚያ ትልቅ ድምፃቸው።

«አባባ፣ እኔ ዮሃና ነኝ። እማዬ ምንም አልሆነችም» አለች። «አረፍ ይበሉና ዛሬ የማንን ለቅሶ ልንደርስ እንደመጣን ልንገርዎት።»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ያ የፕላስቲክ ወንበር ሲጎተት ተሰማት።